ሃያ ሁለት ነጥብ አራት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዊኒፔግ፣ ጥር፤
መስኮቴን ውርጭ ሸፍኖት አይታይም አጥር።
ስልኩ ጠራ። ሥራዬ ድምፅ ብቻ ነው፤
የአንዱን አፍ ለአንዱ ጆሮ፣ የማላውቀውን ለማላየው ሰው።
«አስተርጓሚ ሰባ አንድ» አልኩ ወንበሬን ስቤ፣
ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ።

ከወዲያ ማሽን ይጮኻል፣ ኦክስጅን ያፏጫል፤
አንድ ሰው ያስላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያስላል።

ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤
ከዚህ ተንደር ቤይ፣ ከተንደር ቤይ እዚህ፣ ሃያ ክረምት ያሽከረከሩ፣
ለሐኪም እጅ ሳይሰጡ ስድሳ አራትን የተሻገሩ።
ኢንፍሉዌንዛ ነው የጣላቸው። «ጉንፋን ነው» ብለው ሲንቁት
በስድስተኛው ቀን ሁለቱን ሳንባ ይዞ ቁጭ አለ፣ እንደ ባለ ርስት።

ዶክተር ፍሪሰን ተናገረች፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብላ፦
«የደምዎ ስኳር ሃያ ሁለት ነጥብ አራት ደርሷል።»
ተረጎምኩ።
ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ መጣ፦
«ልጄ፣ ንገሪያት፤ ሻይ እንኳ በስኳር ስጠጣ
ማን አይቶኝ ያውቃል? የሌላ ሰው ወረቀት ይሆናል፤ ስሙን ታንብብ በሞቴ።
ለሳል መጥቼ ስኳር! የት አውቄው በሕይወቴ!»

ቋንቋችን እዚህ ላይ ቁም ሳጥኗ ጠባብ ነው፤
በሽታውም ስኳር፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚሟሟውም ያው።
«ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው ቁጥር አይሰማም፤
እግሩ የተቆረጠ አጎቱን ነው የሚያየው በጨለማ።

ዶክተሯ ቀጠለች። ስለ ጉበት፣ ስለ ሆርሞን፣
ለሳንባው ስለሚሰጠው፣ ስኳርን ስለሚያንረው መድኃኒት።
ደንቡ ይታወቃል፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።
እሷ «ጉበት» አለች። እኔ «ጎተራ» አልኩ።
ደንቡ ይቅር ይበለኝ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ጠላት ድንበር ሲሰብር ሰውነት ይደነግጣል፤
ለዘማች ስንቅ ይሁን ብሎ ጎተራውን ይበረግዳል።
እህሉ ጎዳናውን ሞላ። የየቤቱ በር ግን ተቆልፏል፤
ደጅ እየተረገጠ፣ ጓዳ ውስጥ ልጅ ይራባል።
ኢንሱሊን ቁልፍ ነው። የእርስዎ ቁልፍ ለዚህ ሁሉ በር አልበቃም፤
ለጊዜው ሌላ ያውሱዎታል።»

ዝም አሉ። ኦክስጅኑ ብቻ ያፏጫል።
«መጋዘኑ ተዘግቶ፣ መኪናው ሁሉ ደጅ ተሰልፎ ማለትሽ ነው?»
አዎ አልኩ። ከእኔ ጎተራ ይሻላል።
«ታዲያ ይሄን መቼ አጣሁት? ሬጂና መግቢያ ላይ፣ መንገድ ተዘግቶ፣
ሁለት ሌሊት ቆሜያለሁ፤ አርባ ሺህ ፓውንድ ብርቱካን ጭኜ።
እየራበኝ።
ማኅተም ነበረው። መክፈት አይፈቀድም።
ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ብርቱካኑን፣ ማኅተሙን፣ ረሃቡን።
ወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲስቁ ሰማሁ፤
ነርሷ ማሪቬል «ጣትዎን» አለች፣ እሱን መተርጎም አላስፈለገም።
«የትኛውን?» አሉኝ እኔን።
ሦስቱ ከትናንት ጀምሮ ተወግተው አልቀዋል።

ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ ሳል እንዳይቀሰቅሱ፦
«ሲሻለኝ አብሮኝ ይቀራል ወይስ ይሄዳል እሱ?»

«ገና አናውቅም» አለች ዶክተሯ። «አንዳንዴ ከቫይረሱ ጋር ይሄዳል፤
አንዳንዴ ቀድሞም ነበረ፣ የጠየቀው አጥቶ።
ያለፉትን ሦስት ወራት የሚናገር ምርመራ አለ፤ ነገ እናያለን።»
አናውቅም። አንድ ቃል ነው፤ ለመተርጎም የሚቀልል።
አፌ ውስጥ ግን ቆየ።

«ደህና» አሉ። «አናውቅም ያለ ሐኪም አይዋሽም።
ቁልፉን አምጡት።»

ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ ብሎ መዘገበኝ ስልኩ።
ወዲያው ሌላ ጥሪ፤ ካልጋሪ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን፣ እናቱ እያለቀሰች።

የጋሽ ዘርጋው ቁጥር የት እንደደረሰ የሚነግረኝ የለም፤
ደንቡ እሱንም ይከለክላል።
አውራ ጎዳናው ላይ ረጅም መኪና ሲቆም ግን
የኋላ በሩን አያለሁ፣
ማኅተሙን።