ሰባት ቤት

ሳጥኗን ያገኘናት ከሟቹ ሐኪም ጣራ ሥር ነው፣ በሳዶ ሸለቆ፤
የእርግብ ኩስ አልብሷት፣ ክዳኗ በሙቀት ተሰነጣጥቆ።
ውስጧ መስታወት በመስታወት፣ በየመስታወቱ የደረቀ ደም፣
በዝገት ቀለም የተጻፈ ቀን፣ ዕድሜና ስም፦
«አንሰልሙ፣ ዘጠኝ ዓመት። ከሩዝ ማሳ ወፍ ያባርራል።
በየሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል።»

እኔንም ሲይዘኝ ዘጠኝ ነበርኩ፣ መተማ፣
የጥርሴ ፍጭት ከጎረቤት የሚሰማ።
አባቴ ደገኛ ነው፤ «ቆላ አትውረድ» ሲሉት የወረደ፣
ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ፣ እኔንም ንዳዴንም ወለደ።

ሊዝበን፣ ቤተ ሙከራ፣ ዓይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ጥዬ፣
በአንሰልሙ ደም ውስጥ አየሁት፤ «አንተ!» አልኩት ቀስ ብዬ።
ማነህ? የማን ዘር ነህ? ቁጠር እስቲ እስከ ሰባት ቤት፤
እንደ ሙሽራ አስቆጠርኩት፣ ፊደል በፊደል፣ ሌት በሌት።

አንድ ሰሞን ሊቃውንቱ «ምሥራቅ ነው አገሩ» ብለው ነበር፣
«የእስያ ዝንጀሮ ነው አባቱ፣ ከባሕር ማዶ፣ ከዚያ ዱር።»
ኋላ ግን ጎሬላና ቺምፓንዚ ከሚያድሩበት፣
እዳሪ በብልቃጥ መጣ፤
የሚከረፋ ምስክር፣ የዘር ሐረጉ የተጻፈበት።
እዚያ ነው ለካ ቤቱ። አንዲት ትንኝ፣ በአንድ ምሽት፣
ከጦጣ ደም ወደ ሰው ደም አሻገረችው ምናልባት።
ማንም አላየም።

ከሰው ጋር ከአገር ወጣ፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ፤
የቤቱ ደም ከኋላው ዘጋበት፣ የበሩን እጀታ ነቅሎ አውጥቶ።

የአንሰልሙ እህት፣ ዶና ፌሊዝሚና፣ ጠጉሯ ከርዳዳ፣ ዓሣ እየቀረፈች፣
«የቅድመ አያቴን ቅድመ አያት በመርከብ ጭነው አመጡት» አለች፤
«ነጩ በንዳድ ሲረግፍ፣ ‹ጥቁር አይነካውም› ብለው።
ቁጠር፤ እኔ ሰባተኛ ነኝ።»
«እውነት አልነካውም?»
«ንዳዱ? አልነካውም።
ሌላው ሁሉ ነካው እንጂ።»

ለአንሰልሙ የአባቱ ደም የዘጋውን፣ የእናቱ ደም ከፈተ፤
ታሞ ዳነ፣ ትራክተር ነዳ፣ ሸምግሎ ሞተ።
ወራሽ ያጣው ንዳዱ ነው፤ መድኃኒት ሲረጭ፣ ኪኒን ሲታደል፣
የዚያ ሁሉ ዘር መጨረሻ መስታወት ላይ ቀረ፣
እንደ ነጥብ፣ እንደ ፊደል።

የእኔንም ደም መረመሩት። «በሩ ዝግ ነው» አሉኝ። ሳቅሁ።
መተማ ላይ በየት ገባ ታዲያ? በመስኮት?

ሲመሽ፣ ሩዙ ማሳ ዳር፣ አንዷ ትንኝ ክንዴ ላይ አረፈች።
የዚያችው የትንኝ ዘር ናት፤ ዘንድሮ ግን ባዶ እጇን ነው የመጣች።
አውቃለሁ።
መታኋት።