ከመቶ ሰማንያ ሦስት ካለፈ

ሐምሌ አጋማሽ፣ ድሬ ገና በጠዋት ላቧን ስትጠርግ፣ ጠቅልዬ
ፓስፖርቴን በፌስታል፣ ሆዴን በፍርሃት፣
ገቢዎች ቢሮ ገባሁ። ነጂሃ ትባላለች፤ መስኮት ቁጥር አራት፤
ማራገቢያው ወረቀቷን እንዳይበትንባት
ስቴፕለር፣ የቁልፍ ዘለላ፣ ግማሽ ሎሚ ጭናበት።

«የት ሠራህ?»
«ጅቡቲ፣ ወደቡ ላይ። የበረዶ ኮንቴይነር እጠግናለሁ፤
ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ሲያበቃ እመጣለሁ።»
«እሱን አይደለም። ስንት ቀን እዚህ፣ ስንት ቀን እዚያ ዋልክ?
ከመቶ ሰማንያ ሦስት ካለፈ የእኛ ነህ። ቆጥረሃል?»

አልቆጠርኩም።
እኔ የቆጠርኩት ዲግሪ ነው፤ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፣
ለሰው ዓሣ፣ ለሰው ቅቤ፣ ለማላየው ሰው እራት፤
ውጪው አርባ ሦስት ሆኖ፣ አሸዋው ጥርሴ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣
ብርድ እየሠራሁ ኖርኩ፤ የደረት ኪሴ በላብ ሲበሰብስ።

የደሞዝ ወረቀቴ በፈረንሳይኛ ነው።
«አስተርጉመህ አምጣ፤ እዚያ የከፈልከው ይታሰብልሃል፤
ካልተነበበ ግን ምን ብዬ ልቀንስልህ?» አለች።

ድሮ ቢሆን የማንኳኳው አንድ በር ነበር።
አባቴ የሸሚንደፈር ሰው፣ የትኬት ተቆጣጣሪ፣
ለቁጣ ኦሮምኛ፣ ለገበያ ሶማልኛ፣ ለጸሎት አማርኛ፣
ለሒሳብ ግን ፈረንሳይኛ፤
ሽንኩርት ሰማንያ ገባ ሲሉት እንኳ «ካትር-ቫን!» ብሎ
ራሱን ይነቀንቅ ነበር፣ አራት ሃያ አድርጎ ከፋፍሎ።

ወዳጁን ፈለግኩ፣ ጋሽ ዋጋዬን።
ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ ዳማ ይጫወታል
ቀኝ እጁ ከግራው ጋር፤ ግራው ይሸነፋል።
መነጽሩን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ ወረቀቴን አራቀው፦
«ብሩት፤ ይኼ ማንም ሳይነካው የነበረው።
ይኼ የመንግሥታቸው። ይኼ ጡረታ፣ አንተ የማትጦርበት።
ኔት፤» ጣቱን አሳረፈበት፤
«ኔት እንግዲህ አንተ ነህ፤ የተረፍከው።»
ሂሳብ ብለው አልተቀበለኝም። ዳማውን ቀጠለ።

ተመለስኩ። ነጂሃ የደወሌን ማህተሞች ቆጠረች፣ መውጫ፣ መግቢያ፣
በፈረንጅ የተመታውን በእኛ እየመነዘረች፣
ጳጉሜን ዘላ አልፋ፣ ተመልሳ አምስት ደመረች።
መቶ ሰማንያ ሦስት ላይ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አንዷ አትነበብም፤ ላብ በልቷታል።
የጥቅምት ናት። አሥራ ሦስት ነው የገባኸው፣ አሥራ አራት?
አሥራ አራት ከሆነ አላለፈም። አሥራ ሦስት ከሆነ በአንድ ቀን አልፏል፤
የሁለቱን አገር ተመን ልዩነት ትከፍላለህ።»
ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «እኔ የምጽፈው የምትለኝን ነው።»

ከኋላዬ አንዱ፦ «አሥራ አራት በላ ወንድሜ!
ቁጥር ነው እንጂ መሐላ መሰለህ?»

ጥቅምት አሥራ ሦስት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ማዳበሪያ የጫነ መኪና፣ ሮብሌ መሪው ላይ፣ እኔ ጎኑ፤
ሬዲዮኑን ራሱ አጠፋው፤ ምንም አላለኝም።
ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል።
በስምንት ሰዓት ተሸከምኩት፣ ከፊት፣ በቀኝ ትከሻዬ፤
ቃሬዛው አንድ ወገን ሰንጠቅ ያለ ነበር፣
ስንጥሩን እናቴ ማታ በመርፌ አወጣችልኝ።

አሥራ አራት ብል፣
ስንጥሩ የማን ነው?
አሥራ አራት ብል እኔ ገና ደወሌ ነኝ፣
ሌላ ሰው ነው አፈር የመለሰበት።
ትኬት የሌለውን ፊቱን አይቶ የሚለይ ሰው
«አንተ ከየት ጣቢያ ተሳፈርክ?» ቢለኝ ምን ልመልስለት?

«አሥራ ሦስት፤» አልኳት።

ጻፈች። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያህል ነው፤
የልጄ ብስክሌት ለከርሞ ተላለፈ።
ደረሰኙን ቀደደችልኝ፤ ካርቦኑ አውራ ጣቴን አጠቆረው።
«ቀጣይ!» አለች።

ደረቁን ደቻቱን ተሻገርኩ። ነገ ባቡር አለኝ።
ፓስፖርቴ አሁን ፌስታሉ ውስጥ ነው፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል።
ለግብር አዲሱ ዓመት ከሐምሌ አንድ ይጀምራል።
ዛሬ አሥራ ሰባት።
አሥራ ሰባት፣ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።