ከአጥሩ ወዲህ

ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛ ፎቅ፤ ከሊፍቱ ጉድጓዱ ብቻ አለ፤
መብራቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ኮበለለ፤
የቀረኝ የላፕቶፕ ባትሪ፣ የቀረኝ አንዲት ቁራጭ ኮድ፣
ሃያ መስመር የማትሞላ፣ ሲጠሯት ብቻ የምትወለድ።

ፈንክሽን ናት። ቤት የላትም።
ካልጠሯት አትመጣም፣ ከጨረሰች አታመሽም።
«ሰርቨር አልባ» ይሏታል፤ ይኼ ስም ግን ያስቀኛል፤
ሰርቨሩማ መች ጠፋ፣ የሌላ ሰው ሆኖ ቆሟል፤
ላምቤቦ በባዶ እጁ መጥቶ በሰው አካፋ እንደሚቆፍር፣
ሲመሽ አካፋው ሲመለስ ስሙም እዚያው እንደሚቀር።

ላምቤቦ ግራውንድ ላይ ነው፤ ለአራት የተከራዩት ክፍል፤
አሥራ አንድ ሰዓት አደባባዩ ላይ፣ ሲኖትራክ መጥቶ ሲያዘግም፣
«ሁለት ሰው! ለአሸዋ!» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ ሊንጠለጠል።
ሰሞኑን ሥራው ከኛው ግቢ ነው፤ ልስን።
አሸዋው ውስጥ፣ ውሃው ውጭ።
ጋሽ ወርዶፋ በሩ ላይ፣ ደብተር፣ በገመድ የታሰረ እስክሪብቶ፤
«መታወቂያ! ማን ጠራህ? ፈርም።» አንድ ጀሪካን ሊሞላ ወጥቶ
ሲመለስ እንደገና፤ «መታወቂያ! ማን ጠራህ?»
«ጋሼ፣ አሁን አይደል ያዩኝ?»
«ያየሁት የወጣውን ነው፤ አንተ የምትገባው ሌላ ነህ።»

ሥራው ሩብ ሰዓት፣ በሩ ግማሽ ቀን።

በመስኮት ሳያቸው ነው የገባኝ፤ የኔም ማሽን በር አላት፤
ከውጭ ያለችው ኮድ ወደ ከርነሉ በዘለቀች ቁጥር ፈትሸዋት፣
ጓዟን አስወርደው፣ ቆጥረው፣ ገልብጠው፣
ስትወጣም እንዲያው። ሥራዋ ሦስት፣ በሩ ሠላሳ ስምንት ነው።
ማይክሮ ሰከንድ ነው የምቆጥረው፣ ቅንድብ ለማንሳት የማይበቃ፤
ሚሊዮን ሰው ባንዴ ብር ሲልክ ግን
በዚያች በር ላይ ሰልፉ አያባራም።

ታዲያ ለምን ከውጭ ትደር? ከአጥሩ ወዲህ ትምጣ እንጂ፤
አስኳሉ ውስጥ ትተኛ፤ ከሽቦው ጥሪ ሲመጣ፣
ጎረቤት ግድግዳ መትቶ እንደሚጠራ ጎረቤቱን፣
ካርዱ መታ ያድርግላት፤ እዚያው ትሥራ፣ እዚያው ትስጥ መልሱን።

ደግሞ ፈራሁ።
ከርነል ውስጥ ክፍል የለም፣ ሁሉም ነገር አምድ ነው።
ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ ሳሎናቸውን ላስፋ ብለው
አምድ ጠረቡ አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ
መስኮቴ አይገጥምም፤ ነፋስ ይገባል፣ አቧራ ጨምሮ።
አንዲት ፈንክሽን ከተደናቀፈች ማሽኑ በሙሉ ነው የሚተኛው።

ስለዚህ መርማሪ አቆምኩ፣ ሳትገባ የሚያነባት፣
መስመር በመስመር፤
«መጨረሻ የሌለው ዙር አለሽ? ተመለሽ።
ያልተሰጠሽን ትነኪያለሽ? ተመለሽ።»
አንዴ ካለፈች ግን በቃ፤ ደብተር የለ፣ ፊርማ የለ።

ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት ሲል ሮጠች። አራት ተኩል።
ከአርባ አንድ ወደ አራት ተኩል!
ጨለማው ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ውሻ ጮኸ ከታች በኩል።

ጠዋት ለጋሽ ወርዶፋ ነገርኳቸው፤ ኮድ ሳላነሳ፣ በጀሪካን፤
ሰሙኝ። ላምቤቦን ጠርተው ኪሱን፣ ከረጢቱን፣ መታወቂያውን
አንዴ ፈትሸው፣ ቀይ ክር ክንዱ ላይ አሰሩለት፤
ከዚያ በኋላ ሲወጣ ሲገባ ቀና ብለውም አላዩት።
ልስኑ ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ።
አሠሪው ሰዓቱን አየና ብር መዘዘ፤ ሳቀ፤
የግማሽ ቀን ከፈለው።

ደረጃው ላይ አገኘሁት፣ ጉልበቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቆ።
አልተቆጣኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፤
«ያቺ ሌሊት የምትጠሪያት፣ ስትጨርስ ወዴት ነው የምትሄደው?»
«የትም። ትጠፋለች።»
አሰበ። ቀይዋን ክር በጥርሱ በጠሰ፤
«ታድላ፤ ኪራይ የለባት» አለና ወደ አደባባዩ ገሰገሰ።