ሦስተኛው በሬ

ቅጹ ሠላሳ ነጥብ አለው፤ እስክሪብቶዬ አንድ።
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ባለው መንገድ፣
ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ቦይ በተቆፈረበት፣
ብሎክ አርባ ሰባት፣ ምድር ላይ፣ የጥበቃው ቤት።

«ተሳታፊ ዜሮ ሰባ ዘጠኝ» ይላል፤ ስም አይወጣም ይፋ፤
እኔ ግን ለዚህች ግጥም ልበላቸው ኦቦ ሆርዶፋ።
ካፖርታቸው የዘበኛ፣ አንገቱ የተበላ፤
የሚጠብቁት ፎቅ የቆመው በገዛ ማሳቸው ገላ።
ልጃቸው ለሊሴ በርጩማ አቀረበችልኝና
በሩን ተደግፋ ቆመች፣ እጆቿን አጣምራ።
«እንዳታስታውሺያቸው» አልኳት፤ «ደንቡ ነው።»

«ዘመኑ ምን ዓይነት ነው?»
«ዝናቡ አልወጣ ያለበት።»
«ወሩስ?»
«ሽምብራ የሚዘራበት።»
ውጭ መስከረም ነው። ጭቃው ጥቁር፣ ሽምብራ የለመደ።
መመሪያው ግን ወርን በስሙ እንጂ በዘሩ አልፈቀደ።

«አሁን ያለንበት ቦታ ምን ይባላል?»
ደረጃውን አዩ፣ የተሰጣውን ልብስ፣ የዲሹን ሳህን፤
«ይሄማ የታችኛው መደብ። ያ ምንጩ። ያ ድንበራችን።»
ምንጭ ያሉት የፍሳሽ ጉድጓዱን ነበር። ዜሮ ጻፍኩ።
ከዚያ የገዛ ዜሮዬ ላይ ብዙ አፈጠጥኩ።
መሬቱ ስሙን ሲረሳ፣ ለመሬቱ ማን ቅጽ ይሞላል?
ይህን ለኮሚቴው ባነሣ «ከጥናቱ ወሰን ውጪ» ይባላል።

«ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ይያዙልኝ።
ቁልፍ። ሙዝ። ወንበር።»
(ከውጭ የመጣው ቅጽ «መልሕቅ» ይል ነበር፤
ሦስት ስብሰባ ተቀምጠን ነው ወንበር ያደረግነው።)
ደገሙልኝ ቀስ ብለው፣ በመሐል ፈገግ እያሉ፤
«እኔም ሦስት አደራ አለኝ፤ አንቺም ያዢልኝ» አሉ።
«በሬዎቼ ናቸው። ዳልቻ አለ፤ ቡሬ አለ…»
የሦስተኛውንም ስም ነገሩኝ።
እንደ ጎበዝ ተማሪ ሦስቱንም ደገምኩ፤ መረቁኝ።

«ሰዓት ይሳሉልኝ።» ክብ ሳሉ። በክቡ ላይ በር ከፈቱ።
«በረት ነው» አሉ፤ «መሽቷል፤ ሁሉም አልገባም ከብቱ።»

ያን ጊዜ ለሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ሌሊት ይወጣል» አለችኝ፤ «እንቅልፍ የለም እስኪነጋ።
ሁለቱ ገብተዋል፣ አንዱ ቀርቷል ይላል።
ትናንት ብሎክ ሃምሳ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ
የሰው በር ሲያንኳኳ አገኘነው፣ በሬ አይታችኋል እያለ።»
«መቼ ጀመረው?»
«ካሳው የተከፈለ ሰሞን። ሦስቱም የተሸጡት በአንድ ቀን ነው።»
ሰሞኑን ወደ ወርና ዓመት ለውጬ ጻፍኩ።

አምስት ደቂቃ። «የቅድሞቹን ቃላት ያስታውሳሉ?»
«ቁልፍ» አሉ። ኪሳቸውን ዳበሱ። ሌላ የለም አሉ።
ከዚያ እንደ ፈታኝ፣ ረጋ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፦
«ያንቺስ?»
«ዳልቻ» አልኩ። «ቡሬ።»
ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ፊት ላይ ስቆጥረው የኖርኩት ባዶ
ምላሴ ሥር ቁጭ አለ።
ለሊሴ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሡ፦
«ተያት። ደንቡ ነው።»

ሲመሽ ታክሲ ያዝኩ፣ የኋላ ወንበር፣ ቦርሳዬን ታቅፌ።
ስሙን በፊደል ተራ ፈለግኩት፣ ሌሎችን በማስተምረው ዘዴ፤
ከሀ ጀምሬ ሰ ላይ ደከመኝ።
ሂሳብ አልከፈልሽም አለኝ ረዳቱ፤ ከፍዬው ነበር፣
ወይም የከፈልኩ መስሎኝ ነበር።

ቃሊቲ ስንደርስ፣ ወደመጣሁበት የሚመለሰው መኪና ደጅ
አንድ ልጅ በተሰነጠቀ ድምፅ ይጣራል፦
«ቱሉ ዲምቱ! ዲምቱ ዲምቱ ዲምቱ! ሁለት ሰው!»
ዲምቱ ቀይ ማለት ነው። ቀዩ ኮረብታ።
ስንት ዓመት ስመላለስ ቅላቱን አይቼ አላውቅም።
ቀዩ…
ዲማ!

ደወልኩ። «ዲማ ነው» አልኳት ለሊሴን፣ ሰላም እንኳ ሳልል።
ከስልኩ ጀርባ ይሰማኛል፦
«ማናት?»
«የቅድሟ ሴትዮ፣ የጥያቄዋ።»
«የቷ ሴትዮ?»
ረስተውኛል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፍቻለሁ።
ለሊሴ አንድ ነገር በኦሮምኛ አለቻቸው፣
የበሬው ስም ያለበት።
ዝም ተባለ። ከዚያ ድምፃቸው ወደ ጆሮዬ ቀረበ፦
«ዲማ ገባ?»

ቅጹ ላይ ለዚህ ሳጥን የለውም።

«ገባ» አልኩ።

«በሉ እንግዲያ፣ በረቱን ዝጉት።»