ሦስተኛ ወገን

ኮምቦልቻ ገበያ፣ ፍሬኔ ቢከዳኝ፣
ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሔ ላይ ብስክሌቴ ጣለኝ።
ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ትራፊኩ መጣ፤
«ሦስተኛ ወገን አለህ?» ሲል ደብተር አወጣ።

«አጎት አለኝ ሐይቅ፣ አክስት አለችኝ ከሚሴ፤
ሦስተኛ ግን የለኝም፤ ሦስተኛው ነኝ እራሴ።»
ሳቀ፤ ባጃጅ ግንባር ላይ አሳየኝ ወረቀት፤
ከደወል በቀር ምን አላት የኔ ብስክሌት?

መድን ቤት ሄድሁ፤ ልጅቷ ፈልጋ አጥታ፣
«ለብስክሌት ቅጽ የለንም» አለች፣ መሳቢያ ዘግታ።

አበጋሩ ቀጠሩ፤ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤
ዱአ ተደረገ፤ ካሳ በሥራ ቆረጥን።
ይኸው ሁለት ወሬ፣ ከስፌት መኪናው ሥር፣
እሱ ጨርቁን ሲመራ፣ እኔ ፔዳሉን ስዘውር።

ትናንት ለኮርቻዬ ሽፋን ሰፋለትና፣
«ሦስተኛህ እኔ ነኝ» አለኝ። ዝም አለና፣
«ፍሬኑን ግን አሠራ።»