ሁለት ቁልፍ

ፈርዋኒያ፣ ሌሊት ዘጠኝ፤ ሰርቨሩ ደርቋል፣
ፓኬቱ ከበር ላይ ተደርድሮ ቆሟል።
ከርነሉን ገልጬ ክሮቹን ስፈታ
ሁለቱን አገኘሁ ተናንቀው አንድ ቦታ፦
አንዱ ሰልፉን ቆልፎ ሶኬት ይጠብቃል፣
ሌላው ሶኬት ይዞ ሰልፉን ይጠይቃል።
ሁለቱም አልዋሹ፣ ሁለቱም አልሰረቁ፤
ብቻ የያዙትን ይዘው እየጠበቁ።

አንዷን መስመር ብቻ አንስቼ ባስቀድማት
ፓኬቱ ተመመ።
ስልኬ በራ። ዘምዘም ናት፦

«ቢሮው፦ ‹ፓስፖርት አምጪ፣ መውጫ እሰጥሻለሁ›፤
ማዳም፦ ‹መውጫ አምጪ፣ ፓስፖርት እሰጥሻለሁ›።
አምስት ወሬ ሆነ። አንተ አዋቂ አይደለህ?
ማን ቀድሞ ይለቃል?»

«ጠብቂ» ብዬ ጻፍኩ።
አየሁት።
ፊደል በፊደል አጠፋሁት።