ሹክ ባይ

ከመድረኩ ወለል ሥር፣ በጠባብ ሣጥን ውስጥ፣
ንጉሡ ቃል ሲጠፋው፣ ሙሽራዋ ስትደነግጥ፣
ሹክ ይላል አርሻቪር፣ ያቀብላል ቃላት፤
ጭብጨባው የነሱ፣ አቧራዋ የሱ ናት።

ደሞዙ ጎደሎ፣ በረዶው ግን ሙሉ፤
የጊዩምሪ ብርድ ጥርስ አለው ይላሉ።
ከጫማ ሰፊው ቤት፣ በደረሰኝ ጀርባ፣
ለቫርሴኒክ ጻፈ፣ ያኔ፣ ሊያገባ፦
«በሩን ዝጊው ፍቅሬ፣ ብርዱ እንዳይገባ።»
ዜማ ደራሲው መስሮፕ አይቶ ወደደው፤
በጥንድ ቦት ጫማ ግጥሙን ወሰደው።
(ግራው ይጠብ ነበር።)

ተውኔትም ጽፏል፣ ሦስት። ሁለቱ መሳቢያ ቀሩ፤
ሦስተኛው አንድ ምሽት ታየና፣
ሲነጋ ማስታወቂያው የለም ከበሩ።
ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፣ የነገረውም የለም፤
ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፣ እንደ ቀለም
ወደ ቢልቃጡ።

ዘፈኑ ግን ወጣ፤ ከተማውን ዞረ፤
በሠርጉ፣ በባቡሩ፣ በሰካራም አፍ አደረ፤
የደራሲው ስም ብቻ ከደረሰኙ ጋር ቀረ።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ
ስንኝ ከስንኝ ሲገጥም «ቤት መታ» ይባላል።
እዚያ ግን፣ አንድ የበረዶ ረፋድ፣
ምድር ቤት መታች።
ያንን ቤት፣ ይሄን ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤት፤
የማይገጥም ግጥም።
ቫርሴኒክ ከውስጥ ነበረች።
በሩ ተዘግቶ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኮንቴይነሮቹ ሰፈር፣
ሠርግ ተጠራ አርሻቪር።
ጠረጴዛው በር ነው፣ ከፍርስራሽ የወጣ፤
አንዱ ዱዱክ ነፋ፤ ያ ዘፈን መጣ።
ዳቦ ጋጋሪዋ ሃይካኑሽ፣ በሻካራ ድምጿ፣
ዱቄቱ ሳይለቅ ከእጇ፦
«በሩን ክፈቺ ፍቅሬ፣ ብርዱም ቢሆን ይግባ፣
የቀረ ሰው አለ፣ ውጭ እንዳያነባ።»

«‹ዝጊው› ነው» አለ እሱ፣ ከልማዱ፣ ሹክ ብሎ።
ዞራ አየችው፦ «አባቴ፣ ያንተ ተሳስቷል።
ደራሲው ‹ክፈቺ› ነው ያለው።
ደግሞስ እዚህ አገር፣ አሁን፣ ማን በር ይዘጋል?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ለሰው ሲያቀብል፣
አንድም ሰው ለሱ አቀብሎት አያውቅም ነበር።
ዝም አለ። ኮኛኩን ጨረሰ።

ማታ ቤቱ ገብቶ፣ እርሳስ ቀርጾ፣
ያን ደረሰኝ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣
«ዝጊው»ን ሰረዘ።
«ክፈቺ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም፦ ግጥም፣ ሃይካኑሽ፣ ከዳቦ ቤት።
ከዚያ ተነሣና፣ በካልሲው፣
(ግራው ዛሬም ያነክሳል)
የቆርቆሮውን በር ገርበብ አደረገ።
በረዶ ገባ።